የሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ሕይወትና ሥራ፤ ከአንኮበር እስከ ራባይ

የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመነ መንግሥት ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፣ ወደደም ጠላም፣ በአንድ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ማስታወሻ ላይ መደገፉ አይቀርም። የስዋሒሊ ቋንቋ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን ታሪክ የሚያጠና ሰውም ከዚያው ሰው ስም ይጀምራል። የኦሮሞን ቋንቋ የሰዋስው ጥናት ወደ ኋላ እየተከተለ የሚሄድ ሦስተኛ ተመራማሪ ቢኖር፣ እርሱም በመጨረሻ የሚያገኘው ይህንኑ ሰው ነው። ይኸውም ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ነው።

ስለ ክራፍ የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን የወንጌል አርበኛ አድርጎ ያመሰግነዋል፤ ሁለተኛው ወገን የቅኝ ገዥዎች መንገድ ጠራጊ አድርጎ ይወቅሰዋል። ሁለቱም ፍርዶች ከእውነት ጥቂት ጥቂት ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ለታሪክና ለሕዝቦች ጥናት የሚጠቅመውን ዋና ጥያቄ ሳይነኩት ያልፋሉ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ክራፍ ትቶልን የሄደው እውቀት እንዴት ተገኘ? ከማንስ አፍ ተወሰደ? እኛስ ዛሬ በምን ዓይን ልናነበው ይገባል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ ተርኮ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. ልደቱና ትምህርቱ

ክራፍ ጥር 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ ከቱቢንገን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በደሬንዲንገን መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። ያን ጊዜ በቩርተምበርግ ምድር ፒየቲዝም የሚባለው የሃይማኖት ንቅናቄ ሥር ሰዶ ነበር። ይህ ንቅናቄ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይልቅ የልብን መለወጥና የመጽሐፍ ቅዱስን ንባብ የሚያስቀድም ነበረ። ክራፍ ኋላ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ጾሙን፣ የቅዱሳንን ምልጃና የካህናቱን ሥልጣን የመዘነው በዚሁ ሚዛን ስለ ሆነ፣ አንባቢ ይህን ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ወጣቱ በ1827 ስዊስ አገር ወደሚገኘው የባዝል ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ስለ ጥሪው ጥርጥር ስላደረበት ትቶት ወጣ። ከዚያ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርቱን በ1834 ፈጸመ። ጥቂት ጊዜም በረዳት ቄስነት አገለገለ። በመጨረሻ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሎንዶን በሆነው በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተቀጥሮ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ማኅበሩ እንግሊዛዊ ሲሆን ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ጀርመኖችና ስዊሶች የነበሩት፣ ባዝል ሰው አሠልጥኖ ስለሚሰጠው ነው። ከክራፍ አስቀድሞ ሳሙኤል ጎባትና ካርል ቪልሄልም ኢሰንበርግ በዚህ መንገድ መጥተው ነበር።

፪. ዐድዋና አንኮበር

ክራፍ በ1837 መጨረሻ ዐድዋ ሲደርስ ኢሰንበርግ እዚያ ነበረ። አብረው የሠሩት ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ካህናቱ የሚሲዮናውያኑን ትምህርት በመቃወማቸው፣ የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ በመጋቢት 1838 ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። በዚያው ወራት የዳባዲ ወንድማማቾችና ካቶሊካዊው ቄስ ሳፔቶ ዐድዋ ገብተው ስለ ነበረ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ለመባረራቸው እነርሱን ተጠያቂ አደረጉ። ሆኖም ዋናውን ምክንያት ከውጭ መፈለግ አያስፈልግም። ደጃዝማች ውቤ ግዛታቸው የቆመው በካህናቱም ድጋፍ ነበረና፣ ጥቅም ባልሰጧቸው ሦስት የውጭ አገር ሰዎች ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚጣሉበት አንዳች ምክንያት አልነበራቸውም።

የሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ለሚሲዮናውያኑ ቀደም ብለው የግብዣ መልእክት ልከው ነበር። ስለዚህ ክራፍና ኢሰንበርግ በታጁራ በኩል አድርገው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1839 አጋማሽ ሸዋ ገቡ። ኢሰንበርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲመለስ ክራፍ ብቻውን እስከ መጋቢት 1842 ድረስ በአንኮበር ተቀመጠ።

እንግዲህ ንጉሡና ሚሲዮናዊው እርስ በርሳቸው የተፈላለጉት በተለያየ ምክንያት ነው። ሣህለ ሥላሴ የፈለጉት መድኃኒት የሚያውቅ፣ ጠመንጃ የሚያስመጣ፣ የእጅ ሥራ የሚያስተምርና ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር የሚያገናኝ ሰው ነበረ። ክራፍ የፈለገው ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፍትበት፣ የአማርኛ መጻሕፍት የሚያድልበትና በመጨረሻ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የሚሻገርበት በር ነው። ሁለቱም የፈለጉትን በሙሉ አላገኙም፤ ቢሆንም ግንኙነቱ ሦስት ዓመት ያህል ጸንቷል።

የዚህ ግንኙነት ፍሬ የሆነው የዕለት ማስታወሻ ከኢሰንበርግ ጋር በአንድነት በ1843 በሎንዶን ታተመ። መጽሐፉ ለታሪክ ተመራማሪ ሀብት ነው። ክራፍ በ1840 መጀመሪያ ንጉሡን ተከትሎ ወደ ኦሮሞ አገር ዘምቷል፤ የሠራዊቱን አጓጓዝ፣ የግብሩን አከፋፈል፣ የገበያውን ዕቃ፣ የባሪያውን ንግድ እየተመለከተ መዝግቧል። በጸጋና በካራ ወገኖች መካከል በሸዋ ይደረግ የነበረውንም የሃይማኖት ክርክር በዓይኑ ካዩት ጥቂት የውጭ አገር ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ሆኖም ይህን ክርክር ሲጽፍ እንደ ታዛቢ ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ነው፤ የሊቃውንቱን ጥልቅ የምሥጢረ ሥጋዌ ጥያቄ ከንቱ ንትርክ አድርጎ ያልፈዋል። በአንጻሩ ደግሞ ዋጋ፣ መንገድ፣ ወንዝና የጎሣ ስም ሲመዘግብ ክርክር የለበትምና ብዕሩ ይበልጥ የታመነ ነው። ከዚህ አንድ ደንብ ማውጣት እንችላለን፤ የክራፍ ማስታወሻ ሃይማኖቱ ባልተነካበት ነገር ጥሩ ምስክር፣ በተነካበት ነገር ግን ባለጉዳይ ነው።

በ1841 በሻለቃ ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት ሸዋ በገባ ጊዜ፣ ክራፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኖ አገለገለ፤ የወዳጅነትና የንግድ ውሉም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ተፈረመ። ክራፍ ይህን ያደረገው የእንግሊዝ ወዳጅነት ለወንጌል በር ይከፍታል ብሎ በማመን ነው። ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። በመጋቢት 1842 አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ለማየትና እጮኛውን ለመቀበል በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ አዳራ ቢሌ የተባለ የወሎ ገዥ ይዞ አሠረው፤ ያለውን ሁሉ ቀምቶ ለቀቀው። ምጽዋ የደረሰው ባዶ እጁን ነው። በ1842 መጨረሻ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ታጁራ ቢመለስ ንጉሡ ወደ ሸዋ እንዳይገባ ከልክለው ቆዩት። በእንግሊዝ ባንዲራ ጥላ ሥር የታየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የወንጌል ሰባኪ ብቻ መስሎ ሊታይ አይችልም ነበረ።

በዚህ ጊዜ ክራፍ ባዝላዊቱን ሮዚና ዲትሪኽን በግብጽ አግብቶ ነበር። በ1843 በምጽዋ በኩል እንደገና ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ሮዚና በሾሆ በረሃ ውስጥ ያለ ወራቷ ወለደች። ሕፃኒቱ ወዲያው ሞተች። አባትዮው በአማርኛ «እንባ» ብሎ ስም አወጣላት። ይህ ሰው በአንኮበር የተማረውን ቋንቋ ለሐዘኑ መጠሪያ ማድረጉ፣ አማርኛ ለእርሱ የሥራ መሣሪያ ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

፫. ቋንቋውና አስተማሪዎቹ

በአንኮበር በነበረበት ጊዜ የክራፍ ትልቁ ሥራ የኦሮሞ ቋንቋ ጥናት ነው። ሕዝቡ ራሱን ኦርማ ወይም ኦሮሞ ብሎ እንደሚጠራና ሌሎች የሚሰጡት ስም የራሱ እንዳልሆነ ተገንዝቦ ጽፏል፤ አገሩንም «ኦርማንያ» ብሎ ለመሰየም አስቦ ነበር። ይህን ሕዝብ በአፍሪካ ውስጥ ጀርመኖች በአውሮፓ ካላቸው ስፍራ ጋር እያነጻጸረ፣ እርሱ ካመነ መላው የአፍሪካ መካከለኛ ክፍል ያምናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሐሳቡ የፖለቲካም የስሜትም ቅልቅል ያለበት ቢሆንም፣ ለሥራው ብርታት የሰጠው እርሱ ነው።

በ1840 በሎንዶን የታተመው የሰዋስው መጽሐፉ በርእሱ ላይ «ያልተሟላ» የሚል ቃል አለበት፤ ወደ ቋንቋው የተረጐመውን የዮሐንስ ወንጌል ክፍልም በላቲን ርእሱ «ደካማ ሙከራ» ብሎታል። ከዚያ በኋላ በ1842 የቃላት መዝገብ አወጣ። ይህ ትሕትና የልማድ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን የተማረው በርኪ ከሚባል ኦሮሞ ሲሆን፣ አስተማሪና ተማሪ የሚግባቡት ለሁለቱም የእናት ቋንቋ ባልነበረ በአማርኛ አማካይነት ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራ ሰዋስው ሙሉ ሊሆን እንደማይችል ክራፍ ራሱ ዐውቋል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ሽፋን የሚሸከመው የክራፍን ስም ብቻ ነው። ይህ ነገር በሕይወቱ ሁሉ ይደጋገማል። በሞምባሳ ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሒሊ ሲመልስ የረዳው የከተማይቱ ቃዲ ሼክ ዓሊ ቢን ሙሒዲን ነው። አንድ የእስልምና ዳኛ ከአንድ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ጋር ተቀምጦ የሙሴን መጽሐፍ ሲተረጕም ማየት፣ ስለዚያ ዘመን የባሕር ዳር ኅብረተሰብ የእውቀት ፍቅርና መቻቻል ብዙ የሚነግረን ነገር ነው። ክራፍ በሸመገለ ጊዜም የኦሮሞው ትርጕም ወደ ፍጻሜ የደረሰው ከባርነት ነጻ በወጣ ሩፎ በተባለ ኦሮሞ ወጣት ድካም ነው። በክራፍ አራሚነት አዲስ ኪዳን በዚያ ቋንቋ፣ በኢትዮጵያ ፊደል፣ በ1876 ስዊስ አገር በቅድስት ክሪስኮና ታተመ።

እነዚህ ሦስት ሰዎች፣ በርኪ፣ ሼክ ዓሊና ሩፎ፣ አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸውም ይለያያል። ነገር ግን ያለ እነርሱ የክራፍ ሥራ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። የሕዝቦች ጥናት ተማሪ «መረጃ ሰጪ» እያልን ከምንጠራቸው ሰዎች ጋር ያለብንን ዕዳ የሚማረው ከእንዲህ ያለ ታሪክ ነው።

ከቋንቋው ጥናት ጋር የሚነሣው ሌላው ነገር የብራና መጻሕፍት ጉዳይ ነው። ክራፍ ከሸዋ ያገኛቸውን የግእዝ መጻሕፍት ወደ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ላከ፤ ፕሮፌሰር ኤዋልድ መረመራቸው፤ የኤዋልድ ተማሪ አውጉስት ዲልማንም በእነርሱ ላይ ግእዝን አጠና። በግሪክ ቋንቋ ሙሉ ቅጂው የጠፋውን መጽሐፈ ኩፋሌ ዲልማን ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው ክራፍ ካስገኘው ግልባጭ ነው። በ1857 የታተመው የዲልማን የግእዝ ሰዋስውና በ1865 የታተመው መዝገበ ቃላቱ ለኋላ ሊቃውንት ሁሉ መሠረት ሆነዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከእነዚህ መጻሕፍት መውጣት ጐድታለችም ተጠቅማለችም፤ መጽሐፉ ከባለቤቱ ሲርቅ፣ ንባቡ ግን በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። ጉዳቱን በጥቅሙ መሸፈን፣ ጥቅሙንም በጉዳቱ መካድ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባውም።

፬. ሞምባሳና ራባይ

የኢትዮጵያ በር በተዘጋ ጊዜ ክራፍ ዓላማውን አልተወም፤ መንገዱን ብቻ ለወጠ። ወደ ኦሮሞ አገር በሰሜን መግባት ካልተቻለ በደቡብ ይቻላል ብሎ አሰበ። በጥር 1844 ዛንዚባር ደረሰ፤ ከሡልጣን ሰይድ ሰዒድም የማለፊያ ደብዳቤ ተቀብሎ በሞምባሳ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ሳይቈይ ባልና ሚስቱ ሁለቱም በወባ ንዳድ ወደቁ። ሮዚና ሐምሌ 13 ቀን 1844 ሞተች፤ ከሞቷ በፊት ሳምንት ሲቀራት የተወለደችው ሕፃንም ተከተለቻት። ክራፍ ለማኅበሩ በጻፈው ደብዳቤ ይህ መቃብር ሥራው ለመጀመሩ ምልክት ነው የሚል ሐሳብ ገልጿል። ሚስቱንና ልጁን በቀበረበት ወራት የስዋሒሊውን ትርጕም እንዳላቋረጠ ስናይ፣ ጽናቱን እናደንቃለን፤ ጽናቱ ያስከፈለውንም ዋጋ እናያለን።

በ1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባለ የአገሩ ልጅ መጥቶ ተባበረው፤ ሁለቱ በዚያው ዓመት ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው በራባይ የሚሲዮን ጣቢያ ተከሉ። በስብከት በኩል ውጤቱ እጅግ ትንሽ ነበር። የመጀመሪያው አማኝ ምሪንጌ የተባለ አካለ ስንኩል ሰው ሲሆን፣ እርሱም የተጠመቀው ሊሞት ሲቃረብ ነው። ክራፍ በራባይ ያየው ከፍተኛ ተስፋና ያገኘው አነስተኛ ፍሬ እየተራራቀ ሲሄድ፣ ከሞምባሳ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የሚዘረጋ የሚሲዮን ጣቢያዎች ሰንሰለት ማለም ጀመረ። ለዚህም ሲባል መንገድ መመርመር አስፈለገ።

ስለዚህ የመልክዐ ምድር ጥናት ለእነዚህ ሰዎች የስብከት ረዳት ሆኖ መጣ። ሬብማን በግንቦት 1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ አየ። ክራፍም ታኅሣሥ 3 ቀን 1849 በካምባ አገር በኪቱይ ሆኖ፣ ባላባቱ ኪቮይ አስቀድሞ የነገረውን የኬንያን ተራራ ከሩቅ ተመለከተ። የተራራው ስም ኋላ የአገሩ ስም ሆነ። በሎንዶን የተቀመጡ ሊቃውንት፣ ይልቁንም ደስቦሮ ኩሊ፣ በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ሊኖር አይችልም ብለው ዘበቱባቸው፤ የሚሲዮናውያኑ ቃል የተረጋገጠው በ1861ና በ1862 ባሮን ፎን ዴር ዴከን ኪሊማንጃሮን ከመረመረ በኋላ ነው። ክራፍ ኪቮይን ያጣው በሁለተኛው የካምባ ጉዞው በ1851 ነበር፤ በታና ወንዝ አቅራቢያ ሽፍቶች ጥለውባቸው ባላባቱ ተገደለ፤ ክራፍም በውኃ ጥምና በረኀብ እየተንከራተተ በጭንቅ አመለጠ።

በቋንቋ በኩል በ1850 በቱቢንገን የታተሙት የስዋሒሊ ሰዋስውና የስድስት ምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች የቃላት መዝገብ የዚህ ዘመን ፍሬ ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ክራፍ ስዋሒሊን የጽሑፍ ቋንቋ አደረገው ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ስዋሒሊ ከእርሱ በፊት ብዙ ዘመን በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል፤ ክራፍ ራሱም የስዋሒሊ ቅኔ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ ወደ ጀርመን ልኳል። የእርሱ ድርሻ የላቲንን ፊደል ማስገባቱና የሞምባሳን አነጋገር በመዝገብ ማኖሩ ነው። በ1930 ግድም የመደበኛው ስዋሒሊ መሠረት እንዲሆን የተመረጠው የዛንዚባር አነጋገር በመሆኑ፣ ከሞተ በኋላ በ1882 የታተመው የክራፍ መዝገበ ቃላት ዛሬ የሞምባሳን የድሮ አነጋገር ለሚያጠና ሰው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

፭. ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር

ክራፍ ሕመም ስለ ጸናበት በ1853 ከራባይ ወጣ። በ1855 ግን ከማርቲን ፍላድ ጋር ኢትዮጵያን እንደገና ጎበኘና አዲስ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን አነጋገረ። ዓላማው ከቅድስት ክሪስኮና ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ማስመጣት ነበር፤ እነርሱ እየሠሩ በምግባራቸው ይሰብካሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሙያተኞቹን በደስታ ተቀበሉ። የሆነው ነገር ግን ክራፍ እንዳሰበው አልሆነም፤ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በጋፋት መድፍ እንዲሠሩ ተደረጉ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም ትልቁ መድፍ የእጃቸው ሥራ ነው። በአንኮበር ጠመንጃ በሻ ንጉሥና ትምህርት ቤት በሻ ሚሲዮናዊ መካከል የነበረው አለመግባባት፣ በጋፋት ጐልቶና በእሳት ነድቶ እንደገና ታየ።

ክራፍ በ1858 በጀርመንኛ፣ በ1860 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ሚሲዮናውያን ከፖለቲካ ለውጥ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ነገር እንዲጠብቁ ይመክራል። ይህ በ1841 ከነበረው እምነት ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በሸዋ የደረሰበት መከራ ያስተማረው ይመስላል። እንግዲያው በ1867 ወደ መቅደላ የሚዘምተውን የጄኔራል ናፒየርን ጦር አስተርጓሚ ሆኖ ለመርዳት መነሣቱ ለምን ነው? ከእሥረኞቹ መካከል የሥራ ጓደኛው ፍላድ መኖሩ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሕመም ስላገኘው ከዘመቻው ፍጻሜ በፊት ተመለሰ። ሆኖም ምክንያቱ ርኅራኄም ቢሆን፣ የሰውየው እውቀት እርሱ ራሱ ሌሎችን ካስጠነቀቀበት ነገር ማምለጥ እንዳልቻለ እናያለን። መንገዱን፣ ወንዙንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው፣ እውቀቱን ማን እንደሚጠቀምበት ሁልጊዜ አይወስንም።

፮. ማጠቃለያ

የቀሩትን ዓመታት ክራፍ ያሳለፈው በቩርተምበርግ በኮርንታል መንደር ነው። በዚያም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማረምና የስዋሒሊውን መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ሲደክም ቈይቶ፣ ኅዳር 26 ቀን 1881 ዐረፈ። በአልጋው አጠገብ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሞቶ ተገኘ።

በራሱ ሚዛን ብንመዝነው፣ ክራፍ ያቀደው ሳይፈጸም የቀረ ሰው ነው። ሸዋን አላስተማረም፤ ወደ ኦሮሞ አገር በሰሜንም በደቡብም አልዘለቀም፤ የጣቢያዎቹን ሰንሰለት አላየም። በታሪክና በቋንቋ ጥናት ሚዛን ብንመዝነው ግን፣ እርሱ ለስብከት መሣሪያ ብቻ አድርጎ የቈጠረው ነገር፣ ይኸውም የቃላት መዝገቡ፣ የዕለት ማስታወሻውና የመንገድ ዝርዝሩ፣ ከስብከቱ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፍ ሥራ አለ። የመጀመሪያው፣ ማስታወሻውን ከሸዋ የቃል ትውፊትና ከግእዝና ከአማርኛ ጽሑፎች ጋር እያስተያዩ ማንበብ ነው፤ አንድን ዘመን በአንድ እንግዳ ሰው ዓይን ብቻ ማየት ራስን ከማየት መከልከል ነውና። ሁለተኛው፣ ከመጽሐፉ ሽፋን በስተጀርባ የቀሩትን የበርኪን፣ የሼክ ዓሊንና የሩፎን ድርሻ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እየፈለጉ ማውጣት ነው። የአንኮበር፣ የሞምባሳና የክሪስኮና አስተማሪዎች ለክራፍ የሰጡት ቋንቋቸውን ነበር፤ ለእኛ ያስተላለፈው ደግሞ እርሱ ነው። የታሪክ ፍርድ ትክክለኛ የሚሆነው ሰጪውንም አስተላላፊውንም በየስማቸው ሲጠራ ነው።